በኪስ የተያዘው ደንብ

እ.ኤ.አ. በ1930 መገባደጃ በምሥራቅ ቴክሳስ ግዙፍ የነዳጅ ዘይት ክምችት ተገኘ። ዘመኑ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት የተመታችበት ነበርና፣ ገበያው ከሚሸከመው በላይ የጎረፈው ዘይት ዋጋውን አሽቆለቆለው። በ1931 አንድ በርሜል እስከ 10 ሳንቲም ወርዶ የተሸጠበት ጊዜ ነበር። የቴክሳስ ባለሥልጣናት የምርት ጣሪያ ቢደነግጉም ብዙዎች ከጣሪያው በላይ እየቀዱ ወደ ሌሎች ግዛቶች ይልኩ ጀመር። ይህም «ትኩስ ዘይት» ተባለ።

በ1933 ኮንግረስ ያወጣው የብሔራዊ ኢንዱስትሪ ማገገሚያ ሕግ ለፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት እጅግ ሰፊ ሥልጣን ሰጠ። ፕሬዚዳንቱ ለየኢንዱስትሪው የሚዘጋጁትን ደንቦች ያጸድቃሉ፣ ያሻሽላሉ፣ ይሽራሉ። ትኩስ ዘይት ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይጓጓዝም መከልከል ይችላሉ። በኦገስት ወር የጸደቀው የነዳጅ ደንብ ከጣሪያ በላይ ማምረትን የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። ይሁን እንጂ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1933 ደንቡ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ሲሻሻል ያ አንቀጽ በስሕተት ተሰረዘ። ልብ ያለ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል በሌለ አንቀጽ ክስ ተመሠረተ፣ ጠበቆች ተከራከሩ፣ የሥር ፍርድ ቤቶችም ውሳኔ ሰጡ። ጉድለቱ የተደረሰበት ክርክሩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሻገረ በኋላ ነው። መንግሥት ሴፕቴምበር 25 ቀን 1934 አንቀጹን ቢመልሰውም ያለፈውን ዓመት ሊያስተካክል አልቻለም። በችሎቱ ዳኛ ብራንዳይስ ዜጎች እነዚህን ትእዛዞች ከየት እንደሚያገኙ ጠየቁ። የአምራቾቹ ጠበቃም ደንቡን ያየው ከዋሽንግተን በተላከ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የኋላ ኪስ ውስጥ እንደነበር መናገሩ ይወሳል።

ጃንዩወሪ 7 ቀን 1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ወሰነ። በተሰረዘው አንቀጽ ላይ የተካሄደው ክርክር ከመነሻው ሐሰት በሆነ ግምት ላይ የቆመ ነበር አለ። የትኩስ ዘይት ክልከላውንም ሻረው፤ ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱ መቼ እንደሚከለክሉና መቼ እንደሚተዉ አንዳች መለኪያ አላስቀመጠምና። ሕግ አውጪው ሥልጣኑን በውክልና ሲሰጥ ልኩንም አብሮ መስጠት ነበረበት። ክልከላው በራሱ እንዳልተነቀፈ ለማወቅ፣ ኮንግረስ በቀጣዩ ወር ትኩስ ዘይትን የሚያግድ ግልጽ ሕግ ማውጣቱን ማየት ይበቃል።

የደንቦቹ ሥርዐት በጠቅላላው የፈረሰው ግን በዶሮ ነው። የኒው ዮርክ የዶሮ ንግድ ደንብ ገዢው ከቆጡ የወደደውን ዶሮ መርጦ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ደረቷን ሳይዳብስ ዶሮ ለማይገዛው የሐበሻ ገበያተኛ ይህ ጉድ ነው! በደንቡ የተከሰሱት የብሩክሊን ነጋዴዎች ይግባኝ አሉ፤ ሜይ 27 ቀን 1935 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ደንቡን ሻሩት።

ከነዳጁ ጉዳይ የተረፈው ትሩፋት በይበልጥ ዘላቂ ይመስላል። ኮንግረስ በጁላይ 1935 የመንግሥት ደንቦችና ትእዛዞች የሚታተሙበት ይፋዊ ጋዜጣ እንዲቋቋም ደነገገ፤ ጋዜጣው በ1936 መውጣት ጀመረ። ኢትዮጵያ የራሷን ነጋሪት ጋዜጣ ያቋቋመችው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስሙም አዋጅ በነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። አዋጅና ደንብ በዚያ ሲታተሙ የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ግን ለብዙ ዘመን ከመሳቢያ ሳይወጣ በባለጉዳዩ ላይ ይጠቀስበት ነበር። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ተመዝግቦ በድረ ገጽ ይፋ ካልሆነ በቀር ተፈጻሚ እንደማይሆን የደነገገው ለዚህ ነበር።