ዲዲቲ፡ ከጥጥ እርሻ እስከ እናት ጡት ወተት

ከጦርነቱ በፊት በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት ከነበረው የካርቱም ሰፈር ጀብራ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የገዚራን የጥጥ እርሻ ያገኛል። በአውሮፓውያኑ 1925 ሥራ የጀመረው ይህ ሰፊ የመስኖ ልማት ለአሥርት ዓመታት ተባይን የተከላከለው እንደ ዲዲቲ ባሉ ኬሚካሎች ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በሃሳሂሳ ከተማ አቅራቢያ ተቀበረ። ተቀበረ እንጂ አልጠፋም።

ዲዲቲ በቀላሉ አይበሰብስም፤ የሚሟሟውም በውኃ ሳይሆን በስብ ነው። ስለዚህ ከመኖ ወደ ከብት፣ በወተትና በሥጋ ደግሞ ወደ ሰው ይሻገርና በሰውነት ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል።

ሆርሞን በደም የሚላክ ትእዛዝ ነው፤ እጅግ ጥቂቱ ብዙ ይሠራል። አንደኛው የዲዲቲ ዓይነት የሴት ሆርሞን የሚባለውን ኤስትሮጅን አስመስሎ ሰውነትን ያታልላል። ዲዲቲ ሲሰባበር የሚቀረው ዲዲኢ ደግሞ የወንድ ሆርሞን ሊያርፍ የሚገባውን ቦታ ይዘጋል። በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ የሚያውከው ለፅንስ አእምሮ ዕድገት ወሳኝ የሆነውን የታይሮይድ ሆርሞን ነው።

ኢትዮጵያ ወባን ለመከላከል ዲዲቲን በየቤቱ ለረጅም ጊዜ ረጭታለች። በጅማ ዞን የተካሄደ ጥናትም ኬሚካሉን በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ አግኝቷል። ይህ ግን እናቶች ማጥባት ያቁሙ ማለት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ ይመክራል። ሊቆም የሚገባው የኬሚካሉ ምንጭ ነው። በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲን ለእርሻ ከልክሎ ለወባና መሰል በሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ብቻ ፈቅዷል።