ሰው ተፈትቶ ድርጅት የተያዘበት መዝገብ

ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ «ዛሬ የማን ቀጠሮ ነው?» ሲባል የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ስም ነው። በመዝገቡ ላይ ግን እጁ በካቴና የማይታሰር፣ ቃሊቲም የማይወርድ ተከሳሽ ሊኖር ይችላል፤ ድርጅት።

ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ ነው። ኩባንያ ሥጋም ነፍስም ስለሌለው ወንጀል ሊሠራ አይችልም የሚለው አመለካከት ለዘመናት ገዝቶ ኖሯል። በ1909 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የባቡር ኩባንያ በሠራተኞቹ ድርጊት በወንጀል መቀጣቱን አጸና። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ትልልቆቹ ከድርጅት ስም ጀርባ እንዳይሸሸጉ።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 34 ይህንኑ ደነገገ። ኃላፊ ወይም ሠራተኛ የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ ወንጀል ከፈጸመ ድርጅቱም ይቀጣል። የመንግሥት የአስተዳደር አካላት ግን አይነኩም። ሕጉ የጸናው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ታሪካዊ ምርጫ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ።

ድንጋጌው በአደባባይ ከተፈተነባቸው ቀዳሚ ጉዳዮች አንዱ የባንክ ወይም የፋብሪካ አልነበረም። ከቅንጅት መሪዎች ጋር አራት የጋዜጣ አሳታሚ ድርጅቶች ተከሰሱ። አስኳልን፣ ምኒልክንና ሳተናውን ያሳትም የነበረው ሰርካለም አሳታሚ ድርጅት አንዱ ነው። ባለቤቱ ሚያዝያ 1999 በነፃ ተሰናበተች፤ ድርጅቷ ግን ሐምሌ ላይ 120 ሺህ ብር ተቀጣ። የፖለቲካ መሪዎቹ በዚያው ወር በይቅርታ ወጡ። የአሳታሚዎቹ መቀጫ ግን አልቀረም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. እንዲከፈል ወሰነ። ጋዜጦቹ ከተዘጉ ዓመታት አልፈው ነበር።

እዚህ ላይ ሕጉ ተገለበጠ። ሰው ከድርጅት ጀርባ እንዳይደበቅ የወጣው ድንጋጌ፣ ሰው ነፃ ሲወጣ ድርጅቱን መያዣ አደረገው።

በሌላ በኩል አንቀጽ 90 ለድርጅት ያስቀመጠው የመቀጫ ጣሪያ 500 ሺህ ብር ነው። የብር አቅም ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደወረደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል። ለትንሽ አሳታሚ 120 ሺህ ብር ሞት ነበር፤ ለትልቅ ኩባንያ 500 ሺህ ብር የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው። ድርጅትን በወንጀል መጠየቅ ተገቢ ነው። ፍትሕ የሚሆነው ግን መቀጫው በተቀጪው አቅም ሲለካ፣ ክሱም ጉልበተኛውን ሳይዘል ሲቀርብ ነው።