ውሃው ከዓሣው ቀደመ፦ በትግራይ የዓሣ እርባታ ምርምርና የእርዳታ ገንዘብ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዓሣ እርባታ ምርምር ወደ ትግራይ ግድቦች በምን መንገድና በማን ገንዘብ እንደ ደረሰ መርምሮ፣ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚበጀውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

በአገራችን የዓሣ እርባታ ምርምር ራሱን የቻለ ተቋም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 የሰበታ ጣቢያ ሲመሠረት ነበር። ከዚያም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአውሮፓ ኅብረተሰብ በሰጠው ገንዘብ የሐይቆች ዓሣ ልማት ፕሮጀክት ተካሄደ። ፕሮጀክቱ በይበልጥ ያተኮረው በስምጥ ሸለቆና በሌሎች የተፈጥሮ ሐይቆች በሚሰገረው ዓሣ ላይ ነው። ትግራይ በ1980ዎቹ በጦርነትና በድርቅ ውስጥ ነበረች፤ ከሐሸንጌ በስተቀር ይህ ነው የሚባል ሐይቅም አልነበራትም።

ሁኔታው የተለወጠው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። የትግራይ ዘላቂ ግብርናና የአካባቢ ማገገሚያ ኮሚሽን በ10 ዓመት 500 ትናንሽ ግድቦችን ሠርቶ 50,000 ሄክታር መሬት በመስኖ ለማልማት አቀደ። የተሠሩት ግን ከአንድ መቶ በታች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውሃ አሰረጉ፣ ሌሎቹን ደለል ሞላቸው። ያም ሆኖ ገበሬው በገዛ ጉልበቱ ድንጋይ ተሸክሞ በሠራው ግድብ፣ ቀድሞ ደረቅ በነበረው ሸለቆ ውሃ ተኛ። ግድቦቹ ሲታቀዱ የታሰበው መስኖ ነበር፤ የዓሣ ነገር የተነሣው ውሃው ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቤልጅግ መንግሥት ድጋፍ ከፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው 32 ግድቦችን አጠኑ፤ ውጤቱም በ2008 ታተመ። በብዙዎቹ ግድቦች ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳይኖባክቴሪያ ውሃውን አረንጓዴ አድርጎ መሸፈኑ ታወቀ። ይህ ተሕዋስ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ከግድቡ የሚጠጣውን ከብትና ሰውም የሚነካ ነው። ስለዚህ ጥናቱ የምሁራን ቅንጦት ነበር ማለት አይቻልም፤ ውሃውን ሳያውቁ ዓሣ መጨመር ምን ያህል የድፍረት ሥራ እንደ ሆነ አሳይቷልና።

ይሁን እንጂ የገበሬው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የዓሣ ጫጩት ከየት ላግኝ? ምን ልመግበው? ያጠመድሁት ሳይበላሽ መቀሌ ገበያ እንዴት ይድረስ? የምርምር እርዳታ ለጥናትና ለሥልጠና እንጂ ለጫጩት ማፍሊያ፣ ለመኖ ፋብሪካና ለበረዶ ቤት ታስቦ አይሰጥም፤ የጊዜ ገደብም አለው። ግብፅ ከእኛው ውሃዎች በሚገኘው በዓባይ ቆሮሶ ከአፍሪካ ቀዳሚ ዓሣ አርቢ ለመሆን የበቃችው እነዚህን ሁሉ ከምርምሩ ጋር አያይዛ ስላቆመች ነው። እኛም የዓሣ ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን፤ አዋጅ ብቻውን ግን ጫጩት አያፈላም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት ደግሞ በክልሉ ትምህርትም ምርምርም ተቋረጠ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ገንዘብ ሰጪው ሲሄድ የሚቀረው በሰው አእምሮ የተተከለው ዕውቀት ብቻ መሆኑን ነው። ዕቅድ አውጪው ከእያንዳንዱ የምርምር በጀት ላይ ውጤቱን በገበሬው ቋንቋ ለማሠራጨት የሚውል ድርሻ አስቀድሞ ቢለይ መልካም ነው። መምህሩም የሳይንስ ትምህርቱን ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ በቅርቡ ካለው ግድብ ቢጀምር፣ ተማሪው የውሃውን ቀለም ለይቶ ለወላጆቹ «ዛሬ ከብቶቹን ከዚህ አናጠጣ» ለማለት ይበቃል። ለዚህ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም።