የፕላስቲክ ጡብና የወለጋ መንገድ

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጬ ትልልቅ ሰዎች በልጆች መጫወቻ ሲሠሩ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የሌጎ ጡብ ተዘርግፏል። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል የሃይማኖት አባቶች አሉ፣ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ፣ ነጋዴዎች አሉ፣ ከገጠር ቀበሌ የመጡ እናቶችም አሉ። አወያዩ "በአምስት ደቂቃ ድልድይ ሥሩ" ሲል ግማሹ ሰው ሳቀ። አንድ ኦቦ "ይቺን ለልጅ ልጄ ብወስድለትስ?" ብለው ሳቁን አባሱት። እውነቱን ለመናገር እኔም አበል ለማወራረድ የተፈጠረ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የገባሁት።

በሁለተኛው ቀን "በአካባቢያችሁ የጎደለውን ነገር ሥሩ" ተባለ። አንድ አስተማሪ ረዥም መንገድ ሠራ፤ መሐሉ ላይ ግን ክፍተት ተወ። ተራው ሲደርስ ጣቱን እያስኬደ "ይሄ ከነቀምቴ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ነው" አለ። "በዚህ ጫፍ እኔ አለሁ፤ በዚያ ጫፍ እናቴ አለች።" ሌላ ነገር አልጨመረም። መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትርን ቢያልፍ በጥቂት ነው። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

ይህንኑ ሰው መቅረጫ ደግኜ "የመንገዱ ሁኔታ እንዴት ነው?" ብለው ምን እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" በወለጋ ከተሞች የሚሠራ ጋዜጠኛ ይህን መልስ በቃሉ ያውቀዋል። "ማን ዘጋው?" የሚል ጥያቄ ከሁለት አንዱን ወገን እንድትከስ ያስገድዳል፤ ለየትኛውም መልስ ደግሞ የሚጠይቅህ አይጠፋም። ጡቡ ግን ማንንም አልከሰሰም። ክፍተቱን ብቻ አሳየ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው የዚህን መጫወቻ ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት።

ሌጎ የተወለደው በዴንማርክ፣ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ። ዛሬ የምናውቀው እርስ በርሱ የሚጣበቅ ጡብ የባለቤትነት ማመልከቻው የገባው በ1958 ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ግን የ1990ዎቹ ታሪክ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ገበያውን እየነጠቀው ኩባንያው ተጨነቀ። የመሥራቹ የልጅ ልጅ በአለቆቹ ስብሰባ ተሰላችቶ ስለነበር በስዊዘርላንድ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት ዮሃን ሮስና ባርት ቪክተር ጋር መከረ። ከምክክሩ የወጣው ሐሳብ "የምንሸጠውን ጡብ ራሳችን ብንጠቀምበትስ?" የሚል ነበር። ሮበርት ራስሙሰን የተባለው የኩባንያው የትምህርት ክፍል ሰው ደጋግሞ እየሞከረ ቅርጽ አስያዘው። በ2010 ኩባንያው ዘዴውን ማንም እንዲጠቀምበት ክፍት አደረገው። ነቀምቴ ድረስ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ሕጉ ጥቂት ነው። ሁሉም ይሠራል፤ ሁሉም የሠራውን ይተርካል፤ አለቃውም ጽዳት ሠራተኛዋም እኩል ተራ አላቸው። ዋናው ሕግ ግን ጥያቄው ወደ ዕቃው እንጂ ወደ ሰውየው አይሄድም የሚለው ነው። "አንተ ለምን እንዲህ አሰብክ?" አይባልም። "ይሄ ቀይ ጡብ ምንድን ነው?" ይባላል። ከበስተጀርባው የሲሞር ፓፐርት ትምህርት አለ። ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 በፕሪቶሪያ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ጄኔቫ ከፒያዤ ጋር ሠርቶ በኋላ ወደ ኤም.አይ.ቲ. ተሻገረ። ሰው በእጁ አንድ ነገር ሲሠራ በአእምሮውም ዕውቀትን ይገነባል ይል ነበር። በወጣትነቱ አፓርታይድን የተቃወመ ሰው መሆኑን ሳነብ አልገረመኝም።

ከፓፐርት አገር የወጣ ሌላ ልምድ ደግሞ እኛንም ደርሶናል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ከስቴለንቦሽ አቅራቢያ ሞንት ፍለር በተባለ ቦታ ሃያ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን ተሰበሰቡ፤ ከኤ.ኤን.ሲ.ም ከነጭ ነጋዴዎችም ነበሩበት። አወያያቸው ከሼል ኩባንያ የመጣው አዳም ካሄን ነው። የአገራቸውን መጻኢ ዕድል በአራት ምሳሌ ሳሉት፦ ራሷን አሸዋ ውስጥ የምትቀብር ሰጎን፣ መብረር የማትችል አንካሳ ዳክዬ፣ ፀሐይን ተጠግቶ ክንፉ የቀለጠው ኢካሮስ፣ ቀስ ብለው አብረው የሚነሡ ፍላሚንጎዎች። ካሄን ከዚያ በኋላ በየአገሩ በሚመራቸው መድረኮች የመጫወቻ ጡብንም ጨመረበት፤ ተሳታፊዎች መጻኢውን ጊዜ መጀመሪያ በእጃቸው ይሠሩታል፣ ቀጥሎ ያወሩበታል።

ይህ ዘዴ በ2011 ዓ.ም. "ዴስቲኒ ኢትዮጵያ" በሚል ስም አዲስ አበባ ገባ። ከገዥው ፓርቲ፣ ከተቃዋሚው፣ ከምሁሩ፣ ከነጋዴው የተውጣጡ ሃምሳ ሰዎች ኢትዮጵያ እስከ 2032 ዓ.ም. ምን ልትሆን እንደምትችል ተወያዩ። በኅዳር 2012 አራት ስም ይዘው ወጡ፦ ሰባራ ወንበር፣ አፄ በጉልበቱ፣ የፉክክር ቤት፣ ንጋት። የመጀመሪያው አቅም ያጣ መንግሥት ነው፤ ሁለተኛው ሥርዓትን በጡጫ የሚያስከብር፤ ሦስተኛው ደግሞ ተረቱ እንደሚለው ሳይዘጋ ያድራል። ሃምሳዎቹም ንጋትን መረጡ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው አይረሳውም፤ በአደባባይ የሚወጋገዙ ፖለቲከኞች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እኔም ያን ቀን ተስፋ አድርጌ ነበር። አሁን ሳስታውሰው አላፍርበትም።

ከዚያስ? ወሩ እንዳለፈ፣ የገና ሰሞን፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ጠፋ። እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ሦስት ወር ያህል፣ ደምቢ ዶሎ ያለ ሰው ነቀምቴ ላለ ዘመዱ መደወል አልቻለም። የተመረጠው ንጋት ነው፤ ወለጋ የደረሰው ግን የሌሎቹ ሦስቱ ቅልቅል ነው። በሰኔ 2014 በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው አማራ የሆኑ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በእነዚሁ ዓመታት በየመንደሩ ስንት የኦሮሞ ገበሬ በታጣቂና በጸጥታ ኃይል መካከል ገብቶ እንደጠፋ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። በመንግሥትና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል በታንዛኒያ በ2015 እና በ2016 የተደረጉት ሁለት ዙር ንግግሮችም ያለ ስምምነት ተበተኑ።

"ዘዴው የፈረንጅ ስለሆነ ነው ያልሠራው" የሚል ወዳጅ አለኝ። አልስማማም። በዕቃና በምሳሌ መናገር ለወለጋ እንግዳ ነገር አይደለም። አስቴር ገኖን ያስታውሷል። በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች መርከቡን በቀይ ባሕር ላይ አስቁመው ነፃ ካወጧቸው ልጆች አንዷ ናት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው ሚሲዮን ተምራ፣ እንደ እሷው ከባርነት ነፃ ከወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሥራ አገዘች። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ሥራዋ ነው። ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ ዘፈኖችን፣ ተረቶችንና ምሳሌዎችን ከትዝታዋ ጻፈች፤ ከፊሎቹ በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። አገሯን፣ ቤቷን፣ ስሟን ያጣች ሴት ይዛ የተረፈችው ምሳሌ ነበር። በ1904 ከኦነሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ መጣች፤ ነቀምቴ ላይ ልጆች በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡ የተደረገው ከዚያ ወዲህ ነው። በነገራችን ላይ እኔ ባየሁት አዳራሽ ስላይዱ በሙሉ አማርኛ ነበር። እናቶቹ ጡቡን ሠርተው በኦሮምኛ ሲተርኩ አወያዩ በአስተርጓሚ ነበር የሚሰማቸው። ምሳሌ በአስተርጓሚ ሲያልፍ ምን እንደሚቀረው ቀልድ ተርጉሞ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ።

ዕቃ ይዞ መናገርም እንዲሁ የቆየ ነው። በሜጫ ኦሮሞ የአባ ቦኩ ሥልጣን የሚታየው በያዘው በትር ነው። ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ ኦዳ ቡሉቅ አለ፤ ጉባኤው የሚቀመጠው በዛፉ ሥር ነው። ሲንቄን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፦ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር። ሴቶች ሲንቄ ይዘው በሁለት ተፋላሚዎች መካከል ከገቡ ጠቡ ይቆማል። በሰሜኑም አገር ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። አስቡት፣ ድንጋይ! ከዴንማርኩ ጡብ በፊት የነበረ ጡብ ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሲንቄ የተነሣባት ሴት ምን እንደተሰማት ለመግለጽ ብቻ አልተነሣችም። በትሩን ያየው ወንድ ጦሩን የማስቀመጥ ግዴታ አለበት፤ ካለፈባት ነውረኛ ነው፣ ማኅበረሰቡም አይምረውም። ድንጋይ የተሸከመውም ሰው ካሣ ይከፍላል፤ ተበዳዩም ይቅር ካለ በኋላ ደም አይመልስም። ዕቃው የሚናገረውንም የሚሰማውንም ያስራል። የሌጎ ጡብ የሚያስረው ማንንም አይደለም። አስተማሪው የሠራውን መንገድ ያየ ባለሥልጣን አዘነ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ምሳ በላ። ንጋትን የመረጡት ሃምሳ ሰዎችም ንጋት ባይመጣ የሚከፍሉት ካሣ አልነበረም። ከሃምሳዎቹ ብዙዎቹ ከልባቸው እንደመረጡ አምናለሁ፤ ከልብ መምረጥና መታሰር ግን አንድ አይደሉም። ጠመንጃ የያዘውም ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም።

ይህን አሁን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 በአዋጅ የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በታኅሣሥ 2017 የኦሮሚያን አጀንዳ አዳማ ላይ አሰባስቧል። አዳማ ከነቀምቴ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቡድን መቀመጥ፣ ተራ በተራ መናገር፣ ከቡድን ወደ ጉባኤ ማምጣት፣ ሁሉም እኛ በሆቴሉ ካየነው ዘዴ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ኮሚሽኑን የምጠይቀው "ዘዴያችሁ ምንድን ነው?" ብዬ አይደለም። አንድ የጊምቢ ሰው መንገዴ እዚህ ጋ ተቆርጧል ብሎ ካስመዘገበ፣ ያንን የሰማው ማን ነው? በስንት ቀን ውስጥስ ምን እንዲያደርግ ይገደዳል? አዋጁ አማካሪ ጉባኤ እንዲጠራ፣ ምክረ ሐሳብም እንዲቀርብ ያዛል። ምክረ ሐሳቡን የተቀበለው አካል ቢተኛበትስ?

የነቀምቴው መድረክ በሁለተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። ፎቶ ተነሣን። አስተማሪው የሠራውን በስልኩ ሁለት ጊዜ አነሣው፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከጎን። ከዚያ የአወያዩ ረዳት መጥታ ሁሉንም ነቃቅላ በየቀለሙ ለየችው፤ የሚቀጥለው መድረክ በሌላ ከተማ ስለነበር ቆጥራ ማስረከብ ነበረባት። አንድ ሰማያዊ ጡብ ጎደለ። ጠረጴዛ ሥር ሁላችንም ጎንበስ ብለን ፈለግን፤ ኦቦም ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩ። አልተገኘም።