የታሪክ ማስታወሻ፦ ከድራሙ ኋላ የተቀመጠው ደራሲ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ አር ኢ ኤም ስለተባለው ባንድ ነው። በ1990ዎቹ የውጭ ሙዚቃ ያዳመጠ ሰው በማንዶሊን የሚጀምረውን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን»ን ሳይሰማ አላለፈም። ባንዱን በስም ባያውቀው እንኳ ዜማውን ያውቀዋል።

የኋላ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ እንጨርሰው፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 1980፣ አቴንስ፤ የግሪኳ ሳትሆን የአሜሪካዋ፣ የጆርጂያ ግዛቷ አቴንስ። ድምፃዊው ማይክል ስታይፕ፣ ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ማይክ ሚልስ፣ ድራም መቺው ቢል ቤሪ። የመጀመሪያ ዝግጅታቸው አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተደገሰ የልደት በዓል፤ በ1983 «መርመር» የተሰኘው አልበም፤ በ1991 «አውት ኦፍ ታይም» እና የዓለም ዝና። በቃ። አሁን ወደ ሰውየው። ወደ ቢል ቤሪ።

ድራም መቺ መድረክ ላይ ከሁሉም ኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ወሬውም እንደዚያው ነው። ስታይፕ ሲወራለት ይውላል፣ በክም አድናቂ አያጣም። ቤሪ ግን ባይኖር ባንዱም አይኖርም ነበር። ማጋነን አይደለም፣ ስሙት።

ቤሪና ሚልስ ሜከን በምትባል የጆርጂያ ከተማ ተማሪ ሳሉ ዓይንና ናጫ ነበሩ። አንድ ቀን ቤሪ ከልጆች ጋር ሊጫወት ሄደ። ቤዝ ጊታር ተሸክሞ የሚመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሚልስ! ቤሪ ጥሎ ሊወጣ ዳድቶት ነበር፤ ግን ድራሙን አስቀድሞ ተክሏል። አንድ ሙሉ ድራም ፈታትቶ መሸከምን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ አልተለያዩም፤ አቴንስ ሄደው ዩኒቨርሲቲ የገቡትም አብረው ነው፤ ባንዱም የተወለደው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ተወዳጁ ስህተት እንምጣ። «ኤቭሪባዲ ኸርትስ»ን ያላወቀ የለም፤ ያዘነ ሰው ሁሉ የተጽናናበት፣ በ1992 «አውቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» አልበም ላይ የወጣው ዘፈን። የማን ሥራ ነው? ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «የስታይፕ ነዋ!» ነው። አይደለም። ደግመን እንበለው፦ አይደለም። ስታይፕ አንጀት በሚበላ ድምፅ ዘፈነው እንጂ አብዛኛውን የደረሰው ድራም መቺው ቢል ቤሪ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? ከራሳቸው ከአራቱ። ዘፈኑን ማንም ያምጣው ማን፣ የአራቱም ስም እኩል ይጻፍ ብለው ተስማምተው ነበር፤ ገቢውም እኩል ይካፈላል። ስንቱ ባንድ በገንዘብ ተጣልቶ እንደተበተነ ለሚያውቅ፣ ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን ቤሪ ነው። የአልበሙን ሽፋን ያነበበ ሰው የእሱን ድርሻ ለይቶ ሊያገኘው አይችልም።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ዘፈኑ ሲጀምር ከጊታሩ ሥር ቀስ እያለ የሚመታው ምት የሰው እጅ አይደለም፤ ዩኒቮክስ የተባለ የድራም ማሽን ነው። ድራም መቺው ዘፈን ጻፈ፣ ድራሙን ለማሽን ተወ! ለዘፈኑ የሚበጀው እንዲህ ነው ብሎ ራሱን ከፊት የሚያነሳ ሙዚቀኛ ስንት ይገኛል? የክር መሣሪያዎቹን ያቀናበረው ደግሞ የሌድ ዘፕሊን ባንዱ ጆን ፖል ጆንስ ነው።

ቀጥሎ፣ ማርች 1 ቀን 1995። ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን። በዝግጅቱ መሀል ቤሪን ራስ ምታት ጣለው። በአንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነበር። የዚያን ምሽት ዝግጅት ሌላ ድራም መቺ ተክቶት ጨረሰ፤ እሱ ግን በዚያው ከተማ የቀዶ ሕክምና ተደረገለትና ዳነ። በሜይ ወር ደግሞ ተመልሶ ድራሙ ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት አለ፦ «ባንዱን የለቀቀው በዚያ ሕመም ነው» ይባላል። ቀኑን እንቁጠረው። የታመመው በ1995፣ የለቀቀው በኦክቶበር 1997። በመሀሉ ከባንዱ ጋር የዓለም የሙዚቃ ጉዞውን ፈጽሟል፣ «ኒው አድቬንቸርስ ኢን ሃይ ፋይ» የተባለውንም አልበም ሠርቷል። የለቀቀው እንደ ድሮው ፍላጎት ስለሌለው እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። መሄዱ ባንዱን የሚያፈርስ ከሆነ ግን እንደሚቀር ለጓደኞቹ ነገራቸው። ሂድ አሉት። ጆርጂያ ውስጥ መሬቱ ላይ ድርቆሽ ወደ ማምረት ገባ።

የቀሩት ሦስቱ ድራም መቺ እየቀጠሩ እስከ 2011 ቆዩ፤ በቤሪ ቦታ ግን አራተኛ አባል ብለው የሰየሙት ሰው የለም። ከእሱ በኋላ የወጡትን አልበሞች የሚወድ ይውደድ... የ1992ቱን ግን አይተካከሉም።

ጁን 13 ቀን 2024 አራቱም ኒው ዮርክ ውስጥ ተገናኝተው አብረው ተጫወቱ። ምሽቱ በአሜሪካ የዘፈን ደራሲያን የክብር መዝገብ ውስጥ የሚገቡበት ነበር። ቢል ቤሪ የገባው በዘፈን ደራሲነቱ ነው፤ ሲያንሰው ነው።