ሻፍቱ የት ይሰበር? ከሩጫ መኪና እስከ ሞያሌ መንገድ

የታሪክ ዓምድ ሲባል የሚጠበቀው የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ነው። ዛሬ ግን እስቲ ከመኪና ሥር እንግባ። የምናወራው የሞተሩን ኃይል ተሸክሞ ወደ ጎማ ስለሚያደርሰው ዘንግ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ፕሮፔለር ሻፍት ወይም ባጭሩ ሻፍት ስለሚባለው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሻፍት ደግሞ ምን ታሪክ አለው ትሉ ይሆናል። አለው፤ ለኛም ቅርብ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ኬንያ የገባነው በሞያሌ በኩል ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዋልዳ ካምፕ ቆይተው በኋላ ወደ ካኩማ የተዛወሩት ወገኖቻችንም ያንን መንገድ በካሚዮን ላይ ተጭነው ነው ያዩት። ያኔ በሞያሌና በኢሲኦሎ መካከል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ድንጋይና አቧራ ነበር። ከብትና እህል ከታች፣ ሰው ከላይ። መንገዱ ሽፍታ ስለነበረበት መኪኖች በታጣቂ ታጅበው አብረው ይሄዱ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ሻፍት ተቆረጠ ማለት ውሃና ጥላ በሌለበት፣ አንዳንዴም ካጀቡት መኪኖች ተነጥሎ፣ መለዋወጫ እስኪመጣ መቀመጥ ማለት ነው።

የመካኒክነት ሙያ የሚማሩ ልጆች ታዲያ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሳሉ፦ «ለምን ወፍራም ሻፍት አስገብተን አንገላገልም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። የሩጫ መኪና ሠሪዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቁት ኖረዋል፤ ያገኙት መልስ ግን መጀመሪያ ያሰቡትን አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ብዙዎቹ ኃይላቸውን ወደ ጎማ የሚያደርሱት እንደ ብስክሌት በሰንሰለት ነበር። ሰንሰለት አቧራና ጭቃ ይበላዋል፣ ይረዝማል፣ ይጮኻል። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በ1898 በሠራት ትንሽ መኪና ላይ ሰንሰለቱን ትቶ በዘንግ ተጠቀመ። ችግሩ ግን ዘንግ ቀጥ ያለ ነገር መሆኑ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በሻሲው ላይ ታስረው ሲቀመጡ የኋላው ዲፈረንሻል ከባሌስትራው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ስለዚህ ዘንጉ እየዞረ መታጠፍ መቻል አለበት። ይህን የሚያደርግለት የመስቀል ቅርጽ ያለው መጋጠሚያ ነው፤ የኛ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት። ቃሉ የጣሊያን ነው፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ባሌስትራ፣ እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ። ሞያሌ ላይ ድንበሩን ከተሻገራችሁ ያንኑ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ካልጠራችሁት አታገኙትም። (መኪናው ራሱ ድንበሩ ላይ ከቀኝ መስመር ወደ ግራ መስመር ይዛወር የለ፣ ቃሉ ቢቀየር ምን ይገርማል!)

አውሮፓ ውስጥ ይህ መጋጠሚያ በጂሮላሞ ካርዳኖ ስም ካርዳን ይባላል። ካርዳኖ ከ1501 እስከ 1576 የኖረ ጣሊያናዊ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ነው። መኪና በሕልሙም አላየም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚንጠለጠሉ ቀለበቶች በመጻፉ ነው ስሙ የተጣበቀበት። አዟዟሩን በደንብ ያጠናው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። የፊዚክስ መምህራን በስፕሪንግ ሕጉ ታውቁታላችሁ። ለመኪና የሚሆነውን፣ ግሪስ ውስጡ ይዞ ከአቧራ የተሸፈነውን መጋጠሚያ ያወጣው ደግሞ አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1903 ነው። እኛ እንደምናየው ከስፓይሰር ሥራ ትልቁ ነገር ብረቱ አልነበረም፣ ሽፋኑና ግሪሱ ነው። ይህን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ክሮቼራ አንድ ጠባይ አለው። በማዕዘን ታጥፎ ሲዞር የሚቀበለውን ፍጥነት እንዳለ አያስተላልፍም። ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ቢሆንና አንደኛው ወገን በደቂቃ 100 ጊዜ ሳያወላውል ቢዞር፣ ሌላኛው ወገን በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ወደ 115 ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ወደ 87 ይዘገያል። (የሒሳብ ተማሪዎች ኮሳይን 30ን ፈልጉና አረጋግጡ።) ለዚህ ነው ሻፍት በሁለቱም ጫፍ ክሮቼራ ያለው፤ የፊተኛው ያጣመመውን የኋለኛው ያቃናዋል። የሚያቃናው ግን ሁለቱ ሹካዎች አንድ መስመር ላይ ሲሆኑና ማዕዘናቸው ሲመሳሰል ብቻ ነው። ሻፍቱን ፈትቶ ሲመልስ አንድ ጥርስ ያሳለፈ መካኒክ መኪናውን ሲያንቀጠቅጥ ይኖራል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት በጠመኔም ሆነ በቀለም ምልክት ማድረግ ግድ ነው። በፊት ጎማ ለሚነዳ መኪና ይህ ሁሉ አልበቃም፤ ጎማው ራሱ ስለሚታጠፍ። በ1920ዎቹ መጨረሻ አልፍሬድ ዜፓ የተባለ መሐንዲስ ፍጥነት ሳይለዋውጥ የሚያስተላልፍ ባለ ኳስ መጋጠሚያ አወጣ። ዛሬ በብዙ ትናንሽ መኪኖች የፊት ጎማ ላይ በጎማ ከረጢት ተሸፍኖ የምናየው የዚያ ዘር ነው።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንሂድ። ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል አለው እንበል። አንደኛ ማርሽ በ4 ቢያባዛው በሻፍቱ የሚያልፈው 800 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ እንደገና በ4 ሲያባዛው 3200፤ ለሁለት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ አክስል ሻፍት 1600። እንግዲህ ከሞተሩ እየራቅን በሄድን ቁጥር ብረቱ የሚጠመዘዝበት ኃይል እየበዛ ነው የሚሄደው።

ዘንግ ሲጠመዘዝ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የውጪው ቆዳው ነው፤ መሐሉ ብዙም አይለፋም። ለዚህ ነው ረጅም ሻፍት ቱቦ የሚሆነው። ክፍል ውስጥ ለማሳየት ወረቀት ብቻ ይበቃል፦ አንዱን ሉክ እንደ እርሳስ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ሌላውን እንደ ቧንቧ ሰፋ አድርጋችሁ በማጣበቂያ ዝጉት፤ ሁለቱንም ጠምዝዙ። ድፍን ዘንግ ከሆነ ደግሞ የውፍረቱ መጠን በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢጨምር ጥንካሬው በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ 1.1 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1.33 ነውና። እንዲህ ከሆነ «ወፍራም አስገባ» የሚለው ልጅ ልክ ሊመስል ነው።

ልክ መሆን አለመሆኑን ለማየት ከኬንያ መንገድ የተሻለ ምስክር የለም። የሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በ1953 የእንግሊዟን ንግሥት ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ ነው፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ይዞር ነበር። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። የዚያን ዓመት አሸናፊ ፔጆ 404 ነበረች፤ በ1966፣ በ1967 እና በ1968ም ደገመችው። ፔጆ 404 እጅግ ፈጣን የምትባል አይደለችም። ሻፍቷ ግን በሌላ ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚዞረው፤ ድንጋይ አይመታውም፣ አቧራ አይገባበትም። ታናሽዋ 504ም እንዲሁ ነበረች፤ በ1975 እና በ1978 አሸንፋለች፣ ኬንያ ውስጥም ለብዙ ዓመት የረጅም መንገድ ታክሲ ሆና ሠርታለች። ሽፋን ያልነው ይኸው ነው።

ከዚያ የ1980ዎቹ ታሪክ አለ፣ እኛ በጣም የምንወደው። አራቱም ጎማ የሚነዱ መኪኖች የዓለምን ራሊ ወረሱት። ኦዲ ኳትሮና ፔጆ 205 በየአገሩ ሲያሸንፉ ሳፋሪን ግን በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ የወሰደችው በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳው ቶዮታ ሴሊካ ናት፤ ሁለቱን ጊዜ ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጋርድ፣ አንዱን ፊንላንዳዊው ዩሃ ካንኩነን ነዱት። ቆጥራችሁ እዩት፦ አራት ጎማ ለመንዳት አራት የጎማ ሻፍት፣ በየጫፋቸው መጋጠሚያ፣ በዚያ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ሻፍት። እያንዳንዱ አንድ ተጨማሪ የመሰበሪያ ቦታ ነው። ሴሊካም ደካማ አልነበረችም፤ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ነበራት። የሚሰበር ነገሯ ግን ጥቂት ነበር። በ1987 ኦዲ 200 ኳትሮ እስኪያሸንፍ ድረስ ሳፋሪ ለአራት ጎማ ነጂዎች እጁን አልሰጠም።

የሩጫ መካኒኮች ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የተማሩት አንድ ነገር አለ። ሞተሩን አጠንክረህ ሻፍቱን ካልነካኸው ሻፍቱ ይሄዳል። ሻፍቱን ካጠነከርከው ያ ኃይል ተመልሶ የትም አይጠፋም፤ ዲፈረንሻሉን ይበላል ወይም ካምቢዮውን። የጎማ ሻፍት በልምድ ያለው ሰው በአጭር ጊዜ ይቀይረዋል። የካምቢዮ ጥርስ ሲረግፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እንግዲህ ሻፍት በመብራት መስመር ላይ እንዳለው ፊውዝ ነው ማለት ነው። ፊውዙን አውጥቶ ሚስማር የሚያስገባ ሰው ቤቱ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

በሞያሌ መንገድም ሾፌሮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ላንድክሩዘር የኋላ ሻፍቱ ሲቆረጥ ፈትተው ከላይ ይጭኑታል፤ የፊት ጎማውን ማርሽ አስገብተው በፊት ጎማ ብቻ እየተጎተቱ ከተማ ይገባሉ። የተቆረጠው ከፊት በኩል ከሆነ ሳይነኩት መንቀሳቀስ የለም፤ ጫፉ መሬት ወግቶ መኪናውን ሊያነሳው ይችላል። በብዙ ውድድሮች ከሻፍቱ ሥር የብረት ቀለበት የሚታሰረው ለዚሁ ነው። የማንወደው ልማድም አለ፦ ብዙ ለመጫን ሲባል ባሌስትራ ላይ ቅጠል መደራረብ። መኪናው ከፍ ሲል የሻፍቱ ማዕዘን ይጨምራል፣ ሁለቱ ክሮቼራዎች ማዕዘናቸው አይመሳሰልም፣ ግሪስ የደረቀው ቀድሞ ይሄዳል። ከዚያ «ዕቃው ሐሰተኛ ነው» ይባላል።

አስፋልቱ ከኢሲኦሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን መምጣት የጀመረው በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። መጀመሪያ እስከ ሜሪሌ ወንዝ 136 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎ ወደ ማርሳቢት፣ ከዚያ ያንን የዲዳ ጋልጋሉን ጥቁር ድንጋይ አቋርጦ ወደ ቱርቢ፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ሞያሌ ደረሰ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አበድሮበታል። በ2020 መጨረሻ ደግሞ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያ ተመረቀ። ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓታት መቆጠር ጀመረ። ለሻፍት ከየትኛውም ውድ ብረት ይልቅ የጠቀመው መንገዱ ነው ብንል አላጋነንንም።

ግን አስፋልቱ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በድንጋዩ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ካሚዮን አሁን 80 ይሄዳል። በመንገድ ዳር በብየዳ የተቀጠለ ሻፍት ክብደቱ በትክክል መሐል ላይ አይሆንም፤ ሲዞር ወደ ጎን ይወረወራል። ይህ የመወርወር ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ከ30 ወደ 80 ሲኬድ 7 እጥፍ ይሆናል። ረጅም ሻፍት ደግሞ ከአጭሩ ቀድሞ እንደ ገመድ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የሚችለው ፍጥነት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በካሚዮን ሥር ሻፍቱ ተከፋፍሎ መሐል ላይ በኩሽኔታ የሚያዘው ለዚህ ነው። ለሩጫ መኪና ከካርቦን የሚሠራ ቀላል ሻፍት የመጣውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በድሮው መንገድ ለዓመታት ያገለገለ የተበየደ ሻፍት በአዲሱ መንገድ ላይ ኩሽኔታውን የሚጨርሰው፣ ብሎኑን የሚያላላው እንዲህ ነው።

ለመመርመር ለሚፈልጉ ተማሪዎች፦ ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማው ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይደገፍ፣ ማርሹ ነጻ ይሁን። ሻፍቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ጠምዝዙት። በመስቀሉና በሹካው መካከል እንቅስቃሴ ከተሰማችሁ፣ ወይም በክሮቼራው ክዳን ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካያችሁ፣ ውስጡ ግሪስ ደርቋል።