የሚታዘል ምድጃ

ከአርባ ምንጭ ወደ ገረሴ የሚወጣ መንገደኛ የአባያንና የጫሞን ሙቀት ከኋላው ትቶ ወደ እንሰትና ገብስ አገር፣ ወደ ጋሞ ደጋ ይገባል። ቀን በሸሚዝ የሄደ ሰው ማታ ጋቢ ያምረዋል። ጓዙን በጀርባው አዝሎ በእግሩ የሚጓዝና ድንኳን ተክሎ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ከጋቢው በፊት የሚያስበው ሻይ ነው። በምን ያፍላው?

ማገዶ ለቅሞ ማንደድ ቀላል ይመስላል። በጋሞ ደጋ ግን ይህን አልመክርም። እዚያ የቆሙት ጥንታዊ ደኖች እስከ ዛሬ የዘለቁት በአባቶች ሥርዓት ነው፤ የተከለከለን ዛፍ መቁረጥ ጎሜ የሚባል በደል ነው፣ መዘዙ ለቆራጩ ብቻ ሳይሆን ለአገሩም ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ውጭ የወደቀውም ጭራሮ ቢሆን የአንዲት እናት የነገ እራት ማብሰያ ነው። ቆላ ወርዶ የአርባ ምንጭን ደን ያየ፣ በማገዶ ሸክም የጎበጡ ሴቶችን በመንገድ ያገኘ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ለቀናት ሲነድ ደግሞ ደረቅ ሣር ባለበት ተራራ ላይ እሳት ምን እንደሚያደርስ አገር ሁሉ አይቷል።

አያቶቻችን ለዚህ ችግር ምድጃ አልፈለሰፉም፤ ስንቅ ፈለሰፉ። በሶ ማለት እሳቱን ቤት ጨርሶ የወጣ ምግብ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ መንገድ ላይ የሚፈልገው ውሃ ብቻ ነው። ዳቦ ቆሎው፣ ጭኮው፣ ቋንጣውም እንዲሁ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት የወራት ጉዞውን የቻለው እንዲህ ያለ ስንቅ ስለነበረው ጭምር ነው። የዛሬ ተጓዥ ምድጃ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያስብ ግማሹ ሸክም ይቀልለታል።

በዚያው በዓድዋ ዘመን ስቶክሆልም ውስጥ ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ለገበያ ያበቃው ፕሪሙስ የተባለው ምድጃ ክር የለውም። ላምባው በፓምፕ ግፊት ወደ ጋለ ቱቦ ይወጣል፣ እዚያ ተንኖ በጠባብ ቀዳዳ ሲፈናጠር ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል፤ ጥላሸትም አያወጣም። ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1895 መርከቡን ትቶ በበረዶ ላይ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲያመራ የያዘው ይህን ምድጃ ነው። አሳሹ አሙንድሰን በ1911 ደቡብ ዋልታ ሲደርስ፣ የ1953ቱ ቡድን ኤቨረስትን ሲወጣም ፕሪሙስ አብሯቸው ነበር። በበረዶ አገር ምድጃ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ በረዶው ካልቀለጠ የሚጠጣ ውሃ የለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የነዳጅ ምርጫ ታሪክ ነው። በ1951 ትራንጊያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ፓምፕም ቫልቭም የሌለው፣ በነፋስ መከላከያ የተከበበ የአልኮል ምድጃ አወጣ። ፈረንሳዮች ጋዝን በትንሽ ቆርቆሮ አሸጉ። በ1973 አሜሪካዊው ላሪ ፔንበርቲ ፓምፑን ከነዳጁ ጠርሙስ ጋር አያይዞ እሳቱን በቱቦ ራቅ አደረገው፤ ላምባም ቤንዚንም የሚያነዱት የዛሬዎቹ የተራራ ምድጃዎች ይህንኑ አሠራር የተከተሉ ናቸው።

የአልኮሉ መንገድ ወደ እኛም ደርሷል፤ ይህ ብዙ ያልተወራለት ታሪክ ነው። ለጀልባና ለመዝናኛ ጉዞ ከተሠራው ኦሪጎ ከተባለው የስዊድን ምድጃ ክሊንኩክ የሚባል የቤት ምድጃ ተወለደ። አልኮሉን ውስጡ ያለ ቃጫ መሳይ ነገር ስለሚመጠው ቢገለበጥ አይፈስም፤ ግፊት ስለሌለበት አይፈነዳም። ጋይያ ማኅበር የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከስኳር ሞላሰስ በሚገኝ ኢታኖል የሚሠራውን ይህን ምድጃ ጅግጅጋ አጠገብ በሚገኘው የቀብሪበያህ መጠለያ ለሶማሊያ ስደተኞች አዳረሰ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2008 የአሽደን ሽልማት አገኘ። ማገዶ ፍለጋ ሩቅ ሲሄዱ ጥቃት ይደርስባቸው ለነበሩ ሴቶች ምድጃው የደኅንነት ጉዳይ ነበር። ለሽርሽር የታሰበ ዕቃ ከዚህ የበለጠ ክብር ያለው ሥራ ሲያገኝ አላውቅም።

ታዲያ ለገረሴ ዳገት የትኛው ይሻላል? የጋዙ ምድጃ ራሱ ከ100 ግራም በታች ስለሚመዝን ዓይን ይማርካል። ነገር ግን የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን መጫን ክልክል ነው፤ በየከተማው ሱቅም እንደ ስኳርና ሻይ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ቆርቆሮው ሲያልቅ ምድጃው ቁራጭ ብረት ነው። የአልኮሉ ማንደጃ ክብደቱ ከጋዙ እምብዛም አይበልጥም፣ የሚበላሽ አካልም የለውም፤ ለአንድ ሌሊት አዳር በጣም ጥሩ ነው። ችግሩ ነዳጁ ላይ ነው፤ አልኮል በክብደት የላምባን ሙቀት ሁለት ሦስተኛ ያህል እንኳ አይሰጥም። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ወደ 20 ግራም ላምባ ከበቃ አልኮሉ ከ30 ግራም በላይ ይጠይቃል። ለሁለት ሰው የሦስት ቀን መንገድ በቀን ሦስት ሊትር ቢፈላ ላምባው ሩብ ሊትር ገደማ ነው፤ አልኮሉ ከሲሶ ሊትር ይበልጣል። ለቁስል የሚሸጠው ውሃ የበዛበት አልኮል ደግሞ እሳቱ ደካማ ስለሆነ አይታመንበት።

ስለዚህ ከሁለት ቀን ላለፈ ጉዞ እኔ የምመርጠው ላምባ የሚያነድ ባለ ፓምፕ ምድጃ ነው። ከጋዙ ይከብዳል፣ ሲለኮስ ማሞቅ ይፈልጋል፣ ይሸታል። ቢሆንም ነዳጁ በአገሩ የሚታወቅ ነው፤ ቤንዚንም የሚቀበል ከሆነ ሞተር ብስክሌት በሚደርስበት ሁሉ መላ አይጠፋም።

ከፍታውን አትርሱ። በ3000 ሜትር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ይፈላል፤ የጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ከዚህ ያልፋሉ። ያልተከካ ምስር እዚያ ላይ መቀቀል ነዳጅ መፍጀት ነው። ሽሮ ይያዝ፣ በሶ ይያዝ፣ ድስቱ ይከደን፣ እሳቱ ከነፋስ ይከለል።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሜሪካዊው አድሚራል ሪቻርድ ቤርድ በ1934 አንታርክቲካ ውስጥ ብቻውን ሲከርም፣ ጭስ ማውጫው በቅጡ ያልሠራው ምድጃው በካርቦን ሞኖክሳይድ መርዞት ለሞት አፋፍ አድርሶት ነበር። ደጃፉን ዘግቶ ከሰል ያነደደ ቤተሰብ ሳይነቃ መቅረቱን በእኛም አገር ደጋግመን ሰምተናል። ድንኳን ደግሞ ከቤት ይጠብባል፤ ብርዱም ዝናቡም ቢበረታ ምድጃው ውጭ፣ ቢያንስ በተከፈተ ደጃፍ ላይ ይሁን።

ላምባውን አርባ ምንጭ ላይ ቅዱ። የምድጃው ቀዳዳ በአንዲት ጉድፍ ስለሚደፈን ነዳጁን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ መጥረጊያ መርፌውንም ከክብሪቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ። ፓምፑ ላይ ያለችው የቆዳ ወይም የጎማ ቀለበት ከደረቀች ግፊት አትይዝምና ከመነሳታችሁ በፊት ዘይት ቀብታችሁ ግቢያችሁ ውስጥ በምድጃው አንድ ጀበና ቡና አፍሉ።